ወደ ኳስ ሜዳው የተላኩ አማላጆች

ኅሩይ ወልደጊዮርጊስ የሰው መኪና ጭሮ አያውቅም። በሰው አገር፣ ሚራክል ማይል በሚባል ሰፈር፣ ከአንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር፣ ፀሐይ በማይደርስበት ምድር ቤት የጠበቆችንና የሐኪሞችን መኪና እየተቀበለ ፓርክ ያደርጋል። የሥራ ጓደኞቹ ጎማ እያስጮኹ ሲሽከረከሩ እሱ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ቀስ ብሎ ይገባል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል። ካርታ ሥራ ሊማር ከሚስቱና ከትንሽ ልጁ ጋር የመጣ ሰው ነው። አብዮቱ ሲፈነዳ የላከው መሥሪያ ቤት ረሳው፤ ትምህርቱ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ለጊዜው ብሎ የያዘው ሥራ ግን ቋሚ ሆነ። «ይሁን» አለ። «እኔ ያልጨረስኩትን ልጄ ይጨርሰዋል።»

ልጁ ክፍሉ ግን የሚጨርሰውን ነገር ራሱ መረጠ። ቤዝቦል።

ኅሩይ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ዝም አለ፣ በመጨረሻ ራሱም ገባበት። ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ፣ ከዳቦ ቤቶቹ በስተኋላ ባለች ባዶ መሬት ላይ ከሥራ መልስ ኳስ ወደ ሰማይ እየወረወረ ልጁን ያስቀልበው ጀመር። ጨዋታውን ባያውቅ ጥንቃቄን ያውቃል።

«ኳሷን ገና ሳታያት ወደፊት አትሩጥ» ይለዋል። «መጀመሪያ አንድ እርምጃ ወደኋላ። ከዚያ እይ። ከዚያ ሩጥ። የቸኮለ ሰው ኳሷ በራሱ ላይ ስታልፍ ቆሞ ነው የሚያያት።»

ክፍሉ ይቺን አንዲት እርምጃ እንደ አባታችን ሆይ አጠናት። አውትፊልደር ሆነ፤ ማለትም ከሜዳው ጀርባ፣ ከአጥሩ ጋ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ሌላው በዱላ የመታትን ኳስ ከሰማይ የሚቀልብ። ሃይስኩል እንደጨረሰ አንድ ትልቅ ክለብ አስፈረመውና በብርቱካን እርሻ መካከል ወዳለች ትንሽ ከተማ ሰደደው። እዚያ ያለው ቡድን ከመሰላሉ ታችኛው እርከን ነው። ልጅ እዚያ ይታያል፤ ተስፋ ከተጣለበት ወደሚቀጥለው እርከን ይወጣል፣ እግዜር ካለለትም በቴሌቪዥን እስከሚታዩት ድረስ። ተስፋ ካልተጣለበት ‹ሪሊዝ› ያደርጉታል፤ ልብስህን መልስ፣ ደህና ሁን ማለት ነው። ክፍሉ እዚያው እርከን ላይ ሦስተኛ ዓመቱን ያዘ። ኅሩይ «ክፍል ደገመ» ማለትን ሸሸ። ሚስቱ እልፍነሽ ናት ያለችው።

በዚያው ዓመት ዳሬል መጣ። ከሉዊዚያና ገጠር፣ እናቱ ብቻዋን ያሳደገችው፣ ከክፍሉ በአንድ ዓመት የሚያንስ፣ እንደ ሰንበሌጥ የረዘመ ጥቁር ልጅ ነው። ጨዋታ በሌለ ቀን ክፍሉ ይዞት ይመጣል። መጀመሪያ የቀረበለት ቀን ወጡ እንባውን ሲያወርደው እልፍነሽ ደንግጣ ልታነሣበት ብላ ነበር፤ ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ እልፍነሽ ማለት ቢያቅተው «ኖ፣ ማማ ኤል!» አለና እያለቀሰ ጨረሰው። ከዚያ ወዲያ የእሱም ድርሻ በድስቱ ውስጥ ይታሰብ ጀመር።

ችግሩ ዳሬልም አውትፊልደር መሆኑ ነው።

እሑድ እሑድ ምሳ ከተበላ በኋላ የኅሩይ ቤት ችሎት ይሆናል። ዋናው ተሟጋች ተካልኝ የሚባል የታክሲ ሾፌር ነው፤ ሳይከራከር የበላው ምግብ አይፈጭለትም።

«ሶ፣ ጋሼ ኅሩይ፣ ከሁለቱ ማን ይሻላል? ለልጅህ ሳታደላ።»

«ይኼ ምን ያጠያይቃል? ክፍሉ ኳስ ጥሎ አያውቅም። ዳሬል እኮ መጀመሪያ ሁልጊዜ በተሳሳተ አቅጣጫ ነው የሚሮጠው።»

«ይሮጣል፤ ግን ይደርሳል! ስህተቱን ራሱን ሮጦ ይቀድመዋል።»

«ውርወራውስ? ያን ቀን ለጓደኛህ አቀብል ሲሉት አጥር አሻግሮ የመኪና መስታወት አልሰበረም?»

«የማን መኪና?»

«የአሠልጣኙ!»

ተካልኝ ጭኑን መታ። «እሱን እኮ ነው የምልህ! ከዚያ ርቀት መስታወት የሚሰብር ክንድ ያለው ስንት ሰው አለ? ያንተ ልጅ ለጓደኛው በእጁ የሚያስጨብጠው ነው የሚመስለው።»

«ይኼ ታዲያ ነውር ነው?»

«ነውር አልወጣኝም።»

ኅሩይ አይሸነፍም። በዱላውም ቢሆን ክፍሉ መጥፎ ኳስ አይነካም፤ ጥሩዋን መርጦ፣ በሰዎቹ መሐል አሹልኮ ይመታታል። ዳሬል የመጣለትን ሁሉ ይሰነዝራል፤ አብዛኛውን ይስታል፣ አንዳንዴ ያገኛትና ከመብራቱ ምሰሶ በላይ ትሄዳለች። በኅሩይ ሒሳብ ነገሩ ግልጽ ነው። የተማረበት አገር ደንብ፣ ከክፍል አንደኛ የወጣ ያልፋል፣ የተሳሳተ ይወድቃል። ሌላ ምን አለ?

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ክፍሉ ደወለ። ድምፁ ዝግ ብሏል። «አባባ፣ ለከርሞ አዳዲስ ልጆች እየመጡ ነው። ሁለታችንን እዚህ አያቆዩንም። አንዳችን ወደ ላይ እንወጣለን፣ አንዳችን…» ቃሉን አልጨረሰም። «ሚስተር ዶነሊ ነው የሚወስነው ይላሉ። አሠልጣኙ።»

ኅሩይ ስልኩን አስቀመጠ። አንድ ነገር ማድረግ ነበረበት። ኳሷን ሊቀልብለት አይችልም፣ ሊመታለት አይችልም። የሚያውቀው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ በሰው ልጅ ላይ የሚፈርድ ሰው ካለ አማላጅ ይላክበታል።

«ፈረንጅ አማላጅ ያውቃል እንዴ?» አለች እልፍነሽ።

«ሰው አይደል? ሽማግሌ ደጁ ቆሞ ሲያይ አያፍርም?»

እልፍነሽ የምታጥበውን ሰሐን አስቀመጠች። «ኦኬ። አንተ ለክፍሉ ላክ። የዳሬል እናትስ ማንን ትላክ?»

ኅሩይ ግን ላከ።

ሦስት ሰው ተመረጠ። ትልቁ ጋሼ አምደሚካኤል ናቸው፤ ባልድዊን ሂልስ ከልጃቸው ቤት ይኖራሉ፣ በአገራቸው ዳኛ ነበሩ፣ ያስታረቁት ሰው ቁጥር የለውም። ሁለተኛው አቶ ንጋቱ ከቫን ናይስ ፍሪዌዩን አቋርጠው መጡ። ሦስተኛው ተካልኝ ነው፤ ለሽምግልና ገና ቢሆንም እንግሊዝኛው ፈጣን ነው፣ አፉም እንዲሁ። እሑድ ጠዋት ሙሉ ልብስ ለብሰው ነጠላ ጣል አድርገው የኅሩይ መኪና ውስጥ ታጨቁ። ሙቀቱ ያቃጥላል።

«ጋሼ፣ ነጠላው ይቅርብዎት፤ ላብ በላብ ሆኑ» አለ ተካልኝ።

«ያለ ነጠላ ከሄድን ኢንሹራንስ ሻጭ ነው የምንመስለው» አሉ ጋሼ አምደሚካኤል። «ይልቅ አንተ ቦታው ላይ ስንደርስ እኔ ያልኩትን ብቻ ተናገር። ከራስህ አትጨምር።»

እልፍነሽ በሁለት ፎጣ የተቋጠረ ምግብ ከኅሩይ ጎን ያለው ወንበር ላይ አኖረች። ሁለት ቋጠሮ ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም።

ደንቡ እንደሚለው አማላጅ የላከ ሰው አብሮ አይገባም። ስለዚህ ኅሩይ መኪናውን ከሜዳው አጥር አጠገብ በሁለቱ መስመሮች ልክ መሐል ፓርክ አድርጎ እዚያው ቀረ። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አስተካክለው ከሜዳው ጠርዝ ወዳለችው ትንሽ ቢሮ ሲሄዱ አየ። የቢሮዋ መስኮት ሰፊ ነው። ቀይ ፊት ያለው ወፍራም ሰውዬ ብድግ ብሎ ሲጨብጣቸው፣ ወንበር ሲያሳያቸው፣ እነሱም አንቀመጥም ብለው በሩ ሥር በሰልፍ ሲቆሙ ይታያል። ሰውዬው እንደገና ወንበሩን አሳየ። ጋሼ አምደሚካኤል ራሳቸውን ነቀነቁ። እሺ ካላሏቸው አይቀመጡም፤ ሽምግልና እንዲያ ነው። ሰውዬው ግን ይህን ከየት ይወቀው?

ኅሩይ ዓይኑን ከመስኮቱ ነቅሎ ወደ ሜዳው መለሰ። ልምምድ ላይ ናቸው። አንዱ በዱላ ኳስ ያነሣል፣ አውትፊልደሮቹ በየተራ ይቀልባሉ። የክፍሉ ተራ ደረሰ። አንድ እርምጃ ወደኋላ፣ አየ፣ ሮጠ፣ ቀለበ። እንከን የለውም። ከፌርፋክስ ጀርባ ባለችው መሬት ላይ እንደሚያደርገው ነው፤ ባለፈው ዓመት እንዳደረገው፣ ካቻምና እንዳደረገው።

ቀጥሎ ዳሬል። ኳሷ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደች። ኅሩይ እንደ ልማዱ የዳሬልን የተሳሳተ ሩጫ ጠበቀ። ዳሬል ግን አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ፣ አየ፣ ከዚያ ያ ረጅም እግሩ ተፈታ። ማንም ይደርስባታል ያላላትን ኳስ ደርሶ፣ ዘሎ፣ ጓንቱ ውስጥ ከተታት። ክፍሉ ከወዲያ ሆኖ ያጨበጭባል። «ዛትስ ኢት! አልኩህ አይደል? መጀመሪያ ወደኋላ!»

ያቺን እርምጃ ኅሩይ ያውቃታል። የእሱ ናት። ልጁ ለዳሬል አስተምሮታል።

መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። ክፍሉ ይቺን እርምጃ ሲማር ኳስ መጣል አቆመ። ዳሬል ሲማራት ግን ሌላው ቀርቶ ክፍሉ ራሱ የማይደርስባቸው ኳሶች ላይ መድረስ ጀመረ። ይህን ለማየት ዳኛም አሠልጣኝም መሆን አላስፈለገውም።

ክፍሉ የአባቱን መኪና አይቶ ኖሮ እየሮጠ አጥሩ ጋ መጣ። «አባባ! ምን ትሠራለህ እዚህ?» ከዚያ በመስኮቱ ነጠላ የለበሱትን አየ። ፊቱ ተለዋወጠ። «እነ ጋሼ አምደሚካኤል ናቸው? እዚያ… ኦ ማይ ጋድ። አባባ፣ ምን አደረግክ?»

«አማላጅ ነው የላክሁት።»

«እባክህ ሂድና አስወጣቸው። ልጆቹ እያዩ ነው።»

ኅሩይ ደንቡን አፍርሶ ገባ። ቢሮዋ ትታፈናለች። ጋሼ አምደሚካኤል ዘንጋቸውን ተደግፈዋል፤ አሁንም ግን አልተቀመጡም። ሚስተር ዶነሊም ሰዎቹ ቆመው እሱ ሊቀመጥ ስላፈረ ላቡን እየጠረገ ቆሟል።

«ምን አለ?» አለ ኅሩይ።

ተካልኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልቀረበውም። «ልጅህን አመስግኖ አይጠግብም። እንደ ክፍሉ ያለ ጥንቁቅ ልጅ አሠልጥኜ አላውቅም ይላል። ግን… ክፍሉ ዛሬ የምታዩት ነው፣ ነገም ይኸው ነው። ዳሬል ገና ነው ይላል።»

«ገና ነው?» አሉ አቶ ንጋቱ ተናደው። «ገና ነው ብሎ የሚያሳልፍ መምህር አይተን እናውቃለን?»

«ገና የሆነውን ነው የሚፈልጉት» አለ ተካልኝ።

ጋሼ አምደሚካኤል ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ከበላይህ ያለው ማን ነው በለው። እሱም ዘንድ እንሄዳለን።»

ተካልኝ ተረጎመ። ሚስተር ዶነሊ እጆቹን ዘረጋ። ውሳኔው የመጣው ከላይ፣ ከሩቅ ከተማ ነው፤ የሚያስተላልፉለትን ሰዎች በስልክ ድምፅ እንጂ በመልክ አያውቃቸውም። እሱ ራሱ ክፍሉ አንድ ዓመት እንዲጨመርለት ጠይቆ ነበር። አልሰሙትም። ይህን ሲናገር ድምፁ አነሰ፤ ኅሩይም ሰውዬው እንደ እሱው ደጅ ቆሞ የተመለሰ መሆኑን ተረዳ። ከዚህ ወዲያ የሚለመን ሰው የለም። ከዚህ ወዲያ ያለው ስልክ ነው።

«ጋሼ» አለ ኅሩይ፣ «ይቀመጡ።»

«ምን አገኘን ብለን ነው የምንቀመጠው?»

«ምንም። እግርዎ ያብጣል።»

ሽማግሌው ፊቱን ተመለከቱ። ከዚያ ወንበሩን በእጃቸው ዳብሰው ቀስ ብለው ተቀመጡ። አቶ ንጋቱም፣ ተካልኝም። ሚስተር ዶነሊ የተቋጠረ ነገር እንደተፈታለት ሁሉ ተንፍሶ ለሁሉም ቀዝቃዛ ኮካ ኮላ ከፈተ። እምቢ ማለት ነውር ነውና ጠጡ።

ሲወጡ ዳሬል መኪናው አጠገብ ቆሞ ጓንቱን ያገላብጣል። ውሳኔውን ሰምቷል። ማን እንደነገረው አልታወቀም። ወደ ኅሩይ ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። ኅሩይ ወንበሩ ላይ ካሉት ሁለት ቋጠሮዎች አንዱን አነሣ። እስካሁን ሞቅ ያለ ነው። በእንግሊዝኛ የሚለውን ፈለገ፣ አጣው።

«ማማ ኤል» ብሎ ሰጠው።

ዳሬል ቋጠሮውን በሁለት እጁ ተቀበለ።

ክፍሉም ተነግሮት ልብሱን መልሶ መጣ። «እኔ ድራይቭ ላድርግ፣ አባባ። ደክሞሃል።» ኅሩይ ቁልፉን ሰጠው። ሽማግሌዎቹ ከኋላ ታጨቁ። የብርቱካኑ እርሻ በግራም በቀኝም አለፈ፤ ፍሪዌዩ ላይ መኪናው ሁሉ እየጣላቸው ሄደ። ክፍሉ ግን መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ መስመሩን ልክ መሐል ለመሐል፣ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ቀስ ብሎ ይነዳል። ኅሩይ ፈጠን በል ሊለው አፉን ከፈተ። እንዲያ ብሎት ስለማያውቅ እንዴት እንደሚባል ጠፋው፤ ሁለተኛውን ቋጠሮ ጭኑ ላይ እንደያዘ መንገዱን ማየት ቀጠለ።