ታወር ላይ የተቀበልኩት ሽማግሌ

በፈረንጆቹ 1996 ነው፤ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው፣ ዳዊት ሳልደግም አቋርጫለሁ፤ አጻጻፌ ቢንሻፈፍ አንባቢ ይለፈኝ።

ያን ጊዜ ዳላስ አጠገብ፣ ካሮልተን ከልጄ ጋር ነበርኩ። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ልጄ ሆስፒታል ነርስ ናት። አንድ ቀን ከሥራ ገባችና ጫማዋን ሳታወልቅ «አባዬ፣ ላገባ ነው» አለችኝ። ማንን ብላት፣ ቻይናዊ አለች። ኮምፒውተር የሚሠራ፣ ባሕር ዳር ካለ የቻይና ከተማ የመጣ ልጅ። በሃይማኖቱ በኩል አልተጣላንም፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል፣ ከኛዎቹ ልጆች ይልቅ ጸጥ ብሎ ያስቀድሳል። አንድ ነገር ግን አለቅም አልኩ። ሽማግሌ ይላክ። ሽማግሌ ያልተላከባት ልጅ ከቤቴ አትወጣም።

ልጁ አላንገራገረም፤ አባቱን ከቻይና አስመጣ። በደንቡ እንኳ አባት ለገዛ ልጁ ሽማግሌ ሆኖ አይመጣም ነበር፤ እዚህ አገር ዘመድ የለው፣ ይሁን አልኩ። ቤቱን ጠርጌ፣ ወንበሩን ደርድሬ ስጠብቅ ልጄ ጃኬቴን ይዛ መጣች።

«አባዬ ልበስ፤ ታወሩ ላይ ነው የምንገናኘው።»

«የቱ ታወር?»

«ዳውንታውን ያለው፣ አናቱ ላይ ኳስ ያለው። ከተማቸው አዲስ ታወር ተሠርቶ አባቱ በሱ ነው የሚኮሩት። የዳላስን ካላየሁ ብለዋል።»

«ሽማግሌ ቤት ይመጣል እንጂ ፎቅ ላይ ይሰቀላል?»

«በናትህ አባዬ፣ ሪዘርቭ አድርገናል።»

ፓርክ ለማድረግ ስንዞር ስንዞር ራሴን አመመኝ። አሳንሰሩ ደግሞ ጆሮዬን ደፈነው። ላይ ስንደርስ ወለሉ ይዞራል! ሰው ቁጭ ብሎ የሚበላበትን ወለል ምን አዞረው? ኮፍያዬን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጬ ዘወር ብል የለም። ተሰረቅሁ ብዬ ጮህኩ። ለካ መስኮቱ ቆሞ የሄድነው እኛ ነን፤ ኮፍያዬ ኬክ ከምትበላ ፈረንጅ ሴትዮ አጠገብ ተገኘ። የልጁ አባት እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ገና ሰላም ሳንባባል ጠመድኩት።

በኔ ዕድሜ ያለ፣ አጠር ያለ፣ ጠንካራ ሰው ነው፤ መርከብ ሲጠግን የኖረ ነው አሉኝ። እሱ በቻይንኛ ይናገራል፣ ልጁ ወደ እንግሊዝኛ ያመጣዋል፣ ልጄ ወደ አማርኛ። አንዲት ወሬ ሦስት ቤት አድራ ነው የምትደርሰኝ።

«ባሕሩ የት ነው ይላሉ።»

«የለም በይው።»

«ከኛ ታወር ላይ መርከብ ሲገባ ሲወጣ ይታያል፣ ከዚህ የሚታየው መኪና ብቻ ነው ይላሉ።»

«መኪናም ይገባል ይወጣል በይው።»

«የኛው ይረዝማል ይላሉ።»

«ቀጭኔም ይረዝማል በይው።»

ይቺን ልጄ ዋጠቻት መሰለኝ፤ ሰውየው ራሱን ነቅንቆ ሻዩን ጠጣ። እኔ ደግሞ፣ ይህን ሜዳ አገር በየቀኑ የምረግመው ሰው፣ ለዳላስ ጠበቃ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

እውነት ለመናገር ግን ሰውየው ሲነሳ ሌላ ሰው ሆነ። ኮቱን ቆለፈ፣ ልጁን በቀኙ አቆመ፣ ጎንበስ አለ። «ያለኝ አንድ ልጅ ነው፤ ሴት ልጅ አልወለድኩም። ልጅዎ ልጄ ትሁን፤ ይህን ልለምን ነው ያን ሁሉ አገር አቋርጬ የመጣሁት» አለ። አገሬ የተወለደ ሽማግሌ ከዚህ አብልጦ አይናገርም። ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም ጉሮሮዬን ጠርጌ እንደ ደንቡ መለስኩ።

«ሰምተናል። ቤተ ዘመድ እናማክራለን። ሌላ ቀን ተመለሱ።»

ልጄ አፍጥጣ አየችኝ። «በይ ንገሪያቸው» አልኳት። ነገረች። ሰውየው ተመልሶ አልተቀመጠም። ምግቡ ሲመጣ የነካው የለም። አሳንሰሩ ውስጥ ልጁ ብቻ ቀስ ብሎ ለልጄ የሆነ ነገር ነገራት።

መኪና ውስጥ ስንገባ ፈነዳች።

«እምቢ አልካቸው እኮ አባዬ!»

«ማን እምቢ አለ? እምቢ ብል ሕንጻው ሁሉ ይሰማኝ ነበር።»

«ሌላ ቀን ተመለሱ ምን ማለት ነው ታዲያ?»

«እሺ ማለት ነዋ! በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን ሊገላገላት የቸኮለ ነው። ምን፣ ገበያ ሲፈታ የተረፍሽ ቲማቲም ነሽ?»

«ሶ መቼ ነው እሺ የምትለው?»

«ሁለተኛ ሲመጡ ቀጠሮ እሰጣለሁ፤ ሦስተኛ ሲመጡ እሺ እላለሁ።»

«ሰውየው የሚኖሩት ቻይና ነው! ሦስቴ ይብረሩ? ማለቴ… ካልተፈለግሁበት አልቀመጥም ብለዋል፤ ነገ ቲኬት ቀይረው ሊሄዱ ነው። እሱም አባቴን አዋርጄ አላገባም አለኝ።» ነዳጅ ማደያ ገብታ መኪናዋን አቆመችና አለቀሰች። «ደግሞ የቱን ቤተ ዘመድ ነው የምታማክረው? ያለሁህ እኔ ብቻ ነኝ።»

ደንቡ ልክ ነው፤ ዛሬም ልክ ነው እላለሁ። ግን ያቺ ልጅ ስታለቅስ እናቷን ነው የምትመስለው።

በማግሥቱ ማለዳ ልጄ ሳትነሳ ወጣሁ። የልጁ አፓርትመንት ከባቡር ሀዲዱ ማዶ ነው፤ በመኪና ቅርብ ነው፣ ለእግረኛ ግን መንገድ የሠራ የለም። በሣሩ በቦዩ እየተደናቀፍኩ፣ መኪናው ሁሉ ጡሩምባ እየነፋብኝ ደረስኩ። የአባትየው ሻንጣ በር ላይ ቆሟል። ልጁን በዚያችው በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ «አባትህን ይዘህ ቤቴ ና፣ አሁን!» አልኩት። እኔንም አሳፍሮ አመጣን።

ልጄ ደንግጣ ብቅ ስትል «ተርጉሚ፤ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ዛሬ ነው በያቸው» አልኳት። እነሱን ደጅ አቁሜ ገባሁና ዘጋሁ።

አንኳኩ። ከመክፈቴ በፊት ወደ ልጄ ዞርኩ። «ቤተ ዘመድ ምን ይላል?»

«እሺ በላቸው አባዬ!»

«ገና ነው» አልኳትና ከፈትኩ። «ቀጠሮ ሰጥተናል። ፓርኪንጉን ዞራችሁ ተመለሱ» ብዬ፣ ልጄ እንደተረጎመች ዘጋሁባቸው።

በመስኮት አየኋቸው። ልጁ በአቋራጭ ሊመለስ ሲል አባትየው ክንዱን ይዞ ጎተተው፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ በመኪኖቹ መሃል ቀጥ ብሎ፣ ጥግ ጥጉን ሳያስቀር ዞረ። ተመልሶ ሦስተኛውን አንኳኳ።

በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩና «እሺ» አልኩት።