ለጋሼ በላቸው ጆሮ የሚስማማ ዘፈን

ከደብረ ሲና የወጣሁት በጥቅምት ማለቂያ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። የጉዞዬ ጉዳይ ለሰው ሲነግሩት ያስቅ ነበር፤ ዘፈን ልመርጥ ነበር የምሄደው።

ታላቅ እህቴ እትዬ ዘነበች ያገባችው ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው። ባሏ ጋሼ በላቸው ጣሊያን መንገዱን ሲያወጣ ለድንጋይ ሰባሪነት ተወስደው፣ ድማሚት አጠገባቸው ፈነዳ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ጆሯቸው ግን ከዚያ ወዲህ ድምፅ አልችል አለ። ቢደነቁሩ በተሻለ ነበር። ሁሉን ይሰማሉ፣ የሰሙት ሁሉ ያማቸዋል። እህቴ በመንገደኛ እንዲህ ብላ ላከችብኝ፦ «ማሽላው አሽቷል። ያለ ጩኸት ወፍ አይጠበቅ፣ ጩኸት ደግሞ እሱን ሊገድለው ነው። አንተ በየደቦው ዘፈን አውጪ ነህ፤ እሱ የሚችለው፣ ወፉንም የሚያባርር ዘፈን ፈልግልኝ።»

ቁልቁለቱ

አዲሱ መንገድ ጥሩ ነው፤ ሐሰት አልናገርም። ጥሩነቱ ራሱ ነው የሚያናድደው። መሀሉ የካሚዮን ነው፣ እግረኛ በዳር በዳሩ አቧራውን እየቃመ ይወርዳል። አርማንያ መንደር ላይ ቆሎ ልገዛ የጣሊያን ሊሬ ባወጣ ሻጯ ፊቷን አዞረች።

«ይኼን ወረቀት ምን ላድርገው? ልቆላው?» አለችኝ። ለእህቴ ከያዝኩት ጨው ቆንጥሬ ሰጠኋትና ቆሎዬን ይዤ መንገዴን ቀጠልኩ።

ከአርማንያ በታች ባለው ኬላ አንድ ባንዳ አስቆመኝ።

«ወዴት ነው?»

«ሮቢት፣ እህቴ ዘንድ።»

«ለምን ጉዳይ?»

እውነቱን ነገርኩት። ጓደኛውን ጠርቶ አስደገመኝ፤ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ «በል ለእኛም ምረጥልን!» ብለው ፀሐይ ላይ አቁመው አዘፈኑኝ፣ በማጨብጨብ እየተቀበሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዘፍኛለሁ፤ እንደዚያች ሰዓት ዘፈን አስጠልቶኝ አያውቅም። ሲሰለቻቸው ለቀቁኝ።

ሮቢት

ወደ ማታ ደረስኩ። ሙቀቱ ገና አልበረደም፣ ጋሼ በላቸው ግን ራሳቸውን በነጠላ ጠምጥመው ጓዳ ተቀምጠዋል። ቤቱ የቤት ድምፅ አልነበረውም። ዶሮዎቹን ለጎረቤት ሰጥተዋል፣ ውሻውንም እንዲሁ። እህቴ ቅሉን የምታስቀምጠው ገለባ ላይ ነው፤ የበሩ መቀርቀሪያ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ሁለቱ ልጆቿ እንኳ የሚጫወቱት በሹክሹክታ ነው።

«የዘፈኑ ዳኛ መጣ?» አሉኝ ጋሼ በላቸው ዝቅ ባለ ድምፅ። «እንግዲህ ፍረድልን።»

በማግስቱ ጠዋት ፈተናውን ጀመርን። መጀመሪያ የአረም ዘፈን ያዝኩ። መጨረሻው ላይ «ሆ!» የሚል አለው፤ እሱ ጋ ስደርስ ከእጃቸው የውኃው ዋንጫ ወደቀ። ቀጥዬ እንጉርጉሮ ሞከርኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና፣ «አያምም፤ ግን አንተ ሰው፣ ገና አልሞትኩም እኮ» አሉኝ። እህቴ አፏን ይዛ ሳቀች። ከዚያ አውድማ ላይ ለበሬ የሚዘፈነውን፣ ረጋ ብሎ የሚጎተተውን አወጣሁ፦

*ዙርልኝ በሬዬ፣ ቀስ ብለህ ዙርልኝ፤*
*ጭዱ ለአንተ ይሁን፣ ፍሬውን አትርፍልኝ።*

ትከሻቸው ወረደ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ፣ አሁንም ምንም አልሆኑ። «ይኼን ስማ ብትለኝ እስከ ማታ እሰማለሁ» አሉ። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ ይኼ ይስማማል ብዬ ፈረድኩ።

ማማው ላይ

ማሳው ከቤቱ ጓሮ ይጀምራል። እህቴና እኔ ማማው ላይ ወጣን፣ ዘፈኑንም ጉሮሮዬ እስኪችል ለቀቅሁት። ጋሼ በላቸው ከታች ከግራሩ ጥላ ቁጭ ብለው ጥምጥማቸውን ፈቱ። እህቴ ይህን አይታ እንባዋን በቀሚሷ ጠረገች።

ግሪሳው መጣ። ዞሮ ዞሮ ማሽላው ላይ ተነጠፈ። ይበልጥ ጮክ ብዬ ዘፈንኩ፤ አንዲት ወፍ እንኳ አልተነሳችም። እህቴ መታገሥ አቅቷት አንድ ጊዜ አጨበጨበች። ወፉ ብር ብሎ ተነሳ፣ ጋሼ በላቸውም ራሳቸውን ይዘው በግንባራቸው ተደፉ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ወፍ የሚያስበረግገው የድምፁ ትልቅነት አይደለም፣ ድንገት መምጣቱ ነው። እሳቸውንም የሚያማቸው እሱው ነው። ወርጄ አነሳኋቸው፤ እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ስጨነቅ ቀደሙኝ።

«እኔም እንግዲህ ከወፍ ተቆጠርኩ» አሉ።

አዋሳኛቸው እንድሪስ ይህን ሁሉ ከማሳው ሆኖ አይቶ ኖሯል። መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ወላሂ ጋሼ በላቸው፣ ጩኸቱ እንዳያምዎ ለእርስዎ ስል ወንጭፌን ሰቅዬ ሰነበትኩ። ግን እርስዎ ማሳ የለመደ ወፍ ነገ እኔ ዘንድ ነው። ልጆቼን ምን ላብላቸው?»

«እውነት ብለሃል። ወንጭፍህን አውርድ።»

«አንተስ?» አለች እህቴ ባሏን። «አትችለውም እኮ!»

«የተራበ ልጅ ለቅሶም ድምፅ ነው፣ ዘነበች። እሱን ነው የማልችለው።»

እንድሪስ የሁለቱንም ማሳ እኔ እጠብቃለሁ፣ አንቺ ከእሳቸው አትለዪ ብሎ ለእህቴ ማለላት። ዳኛ ተብዬ መጥቼ ፍርዱን የሰጡት ሌሎች ነበሩ።

ዳገቱ

በማግስቱ ጠዋት ወንጭፉ ጀመረ። ስሰናበታቸው ጋሼ በላቸው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ እህቴ ከኋላቸው ሆና ሁለቱን ጆሯቸውን በመዳፏ ጭምቅ አድርጋ ይዛለች። ወንጭፉ በጮኸ ቁጥር ሁለቱም አብረው ይርዳሉ። እጇ ስላልተፈታ አልጨበጥኳትም፤ ግንባሯን ሳምኳት። ማሽላው እስኪታጨድ ገና ሳምንታት ቀርተውት ነበር።

ዳገቱን ስወጣ ብቻዬን እየተናደድኩ እናገር ነበር። ጣሊያን የገደለውን ስንቆጥር እንኖራለን፤ ሳይገድል የተወውን ማን ይቆጥረዋል? ጋሼ በላቸው ቁስል የለባቸውም፣ ጠባሳ የለባቸውም፤ አርበኛ ነበሩ ብሎ የሚያወሳቸውም አይኖርም። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይኼንኑ ነው፤ ባልማረው ይሻለኝ ነበር።

ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ እግሬን ልታጥብ ውኃ አቀረበች።

«ዘፈኑ ተስማማቸው?» አለችኝ።

«ተስማማቸው» አልኳት።

«ተመስገን! ታዲያ ምነው ፊትህ ጠቆረ?»

«ለወፎቹም ተስማማቸው።»