ከቁልቁለቱ ስር ያለው ቤት

ቴሌግራፍ አቬኑ ጎዳና ላይ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪ የጫነች መኪና ሳይ ልጅነቴ ትዝ ይለኛል። አንድ ጊዜ እኛና የሳን ሆዜው አጎቴ ቤተሰብ አብረን ስኪ ለመንሸራተት በረዶ ወዳለበት ተራራ ወጣን። እነሱ ከቁልቁለቱ ስር ቤት ተከራዩ፤ ልጃቸው ሜሮን ከበሩ ወጥታ ወዲያው ትንሸራተታለች። እኛ ግን አያታችን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ የሌለው ሩቅ ሞቴል ያዝን።

መኪና ውስጥ እርጥብ ጓንቴን ታቅፌ፣ «ኢትስ ኖት ፌር! ፍትሃዊ አይደለም!» ብዬ አለቀስኩ።

አያቴ ዞር ብለው፣ «ሂጂ እነሱ ጋ እደሪ፣ ልጄ። ለእኔ ብለሽ አትቅሪ» አሉኝ።

ቅናት እያንገበገበኝ አጠገባቸው አደርኩ።

በማግስቱ ሜሮን መጥታ ክንዳቸው ስር ተወሸቀች። «ዩ አር ሶ ላኪ፣ ታድለሽ፤ አያቴ እናንተ ጋ ናቸው» አለችኝ።

እውነቴን ነው፣ እሷ በአያቴ ብትቀናም፣ እኔን ዛሬም የሚያስቀናኝ ያ ከቁልቁለቱ ስር የነበረው የእሷ ቤት ነው።