ማጠፊያችንና የኤዶ ሳህራ አጥር

ባለፈው ሳምንት በጅጅጋ ዋና መንገድ እየተጣደፍኩ ስሄድ አንድ ብረታ ብረት ቤት በር ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ያስቆመኝ ሰው አይደለም፤ ሽታ ነው፤ የተቃጠለ ዘይትና ገና በሞረድ የተፋቀ ብረት አንድ ላይ ሲሆኑ የሚያወጡት፣ ምላስ ላይ እንደ ሳንቲም የሚቀመጠው ሽታ። ውስጥ አንድ ጎልማሳ የኤሌክትሪክ ማሽን ቁልፍ በአንድ ጣቱ ተጭኖ ብረቱን እንደ ማስቲካ ያጥፈዋል፣ በሌላ እጁ ሻይ ይዟል። ተናደድኩ። ሻይ እየጠጡ ብረት ማጠፍ አለ እንዴ? ሠላሳ ሳይሞላኝ እንደ ባልቴት «በኛ ጊዜ» ማለቴን የሚታዘብ ይታዘበኝ፤ በኛ ጊዜ ብረት የሚታጠፈው በሙሉ ሰውነትና በጎረቤት ፈቃድ ነበር።

አባቴ አቶ ታደሰ ከደብረ ብርሃን ወደ ጅጅጋ ተቀይሮ የመጣ የመንግሥት ጋራዥ መካኒክ ነበር፤ ዝምተኛ፣ ክንደ ወፍራም፣ ነገርን ሁሉ ሁለቴ ካልለካ እንቅልፍ የማይወስደው። እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ጋራዡ ያስወገደውን የእጅ ብረት ማጠፊያ በጆንያ ተሸክሞ ቤት አመጣ። ማጠፊያው ከባድ የብረት ሰሌዳ ነው፤ መሃሉ ላይ ክብ ብረት ቆሟል፣ በዙሪያውም እጀታ ይዞራል፤ ጠፍጣፋውን ብረት አስነክሰው እጀታውን ሲስቡት ብረቱ ክቡን እየታከከ ይጠቀለላል። ነገሩ ይኸው ነው፤ እኔ ግን ሳየው የገዛ ወንድሜ የተወለደ ያህል ተደሰትኩ።

ሥራውም አብሮ መጣ። ከአጥራችን ማዶ የምትኖረው የግመል ወተት ነጋዴዋ ሳህራ፣ እኔ በሶማልኛ ኤዶ፣ አክስቴ፣ የምላት፣ ወደ ጎዳና የሚያይ አዲስ መስኮት አውጥታ ነበርና ጫፍና ጫፋቸው የተጠቀለለ ስምንት ጥምዝ ጌጦች ያሉት የመስኮት ብረት ለመነችው። አባቴም ማጠፊያውን በእናቴ የምግብ ጠረጴዛ ላይ በአራት ብሎን አስሮ እጀታውን ሳበ። ብረቱ ቀጥ እንዳለ ቀረ፤ ጠረጴዛው ግን ተነሥቶ ግቢውን መዞር ጀመረ፣ እናቴም ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «ጠረጴዛዬ ወዴት እየሄደ ነው?» አለች።

በነጋታው ጓሮ ጥግ ላይ፣ ከኤዶ ሳህራ የአጣና አጥር አጠገብ፣ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ጉድጓድ ተቆፈረና ወፍራም ቱቦ እንደ ምሰሶ በሲሚንቶ ቆመበት። ሲሚንቶው እንዳይሰነጠቅ ጠዋትና ማታ ውኃ የማጠጣው እኔ ነበርኩ፤ ጎረቤት ጎመን ሲያጠጣ እኔ ብረት አጠጣለሁ እያልኩ እኩራራ ነበር። ከሳምንት በኋላ ማጠፊያው ተጫነ። ብሎን በተራ እንደማይጠብቅ፣ አንዱን ትንሽ፣ ቀጥሎ በማዶው ያለውን ትንሽ እያሉ በመስቀለኛ እንደሚጠብቅ ያን ቀን አወቅሁ። አባቴ እጀታውን ይዞ አንድ ሙሉ ዙር ዞረ፤ የእጀታው ጫፍ አጥሩን በአንድ ስንዝር ሳተው። «አየሽ፣ ልክ ማለት ይህ ነው» አለኝ፣ ፊቱ እየበራ።

«እኔም ላጥፍ» አልኩት። ሳቀ። ነዘነዝኩት፤ መነዝነዝ ዛሬም የምችለው ሥራ ነው። በመጨረሻ ተሸነፈና፣ «እስከ እሁድ አንዲት ጥምዝ ብቻሽን ካወጣሽ የመስኮቱን ግማሽ አንቺ ትሠሪያለሽ። ካቃተሽ ወደ ደብተርሽ፤ ዳግመኛ ብረት አጠገብ አላይሽም» አለኝ።

አራት ቀን ነበረኝ። እጀታውን በእጄ ሳብኩት፣ በሆዴ ገፋሁት፣ ዞሬ በጀርባዬ ገፋሁት፤ ብረቱ ትንሽ ጎንበስ ብሎ እንደ ኩሩ ሰው ቀና ይላል። ኤዶ ሳህራ በአጣናዎቹ መሃል አጮልቃ እያየችኝ፣ «ሮማን፣ ኧረ ብረቱ አንቺን እያጠፈሽ ነው!» ትላለች። ማታ ማታ መዳፌ ቆስሎ እንጀራ በሁለት ጣት እቆርስ ነበር፤ እናቴ አይታ እንዳላየች ታልፈኛለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ከጣሪያው ሥር የተጣለ የብረት የውኃ ቱቦ አገኘሁና እጀታው ላይ አጠለቅሁት። እጀታው እጥፍ ረዘመ። ሳብኩ፤ ያ ኩሩ ብረት ለሰሰ! ጩኸቴን የሰማ አባቴ እየሮጠ መጣ፤ ሩብ ዙር ሄጄ ግን ቱቦው አጥሩን መትቶ ጓ! ብሎ ቆመ። መልሼ ሳብኩ፣ እንደገና ጓ! አባቴ ምሰሶውን አየ፣ አጥሩን አየ፣ ሲሚንቶውን በእግሩ መታ መታ አደረገ፤ ድንጋይ ሆኗል። ሁለቴ የሚለካው ሰው ሁለቴም የለካው በራሱ ክንድ ነበር።

«አንቺን አላሰብኩም» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ብዙ ይቅርታ ጠይቆኛል፣ እንደዚያ ሆዴን ያባባው ግን የለም። እንባዬ መጣ፤ ነገ እሁድ ነው።

ያን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ፣ «አቶ ታደሰ፣ ብረቱ ካልተነቀለ አጣናውን እንንቀላ! ምን ያስጨንቃል?» የሚል ድምፅ መጣ።

«ኧረ ሳህራ፣ አጥር እኮ ነው! ፍየሎችሽስ?»

«ፍየሎቼ ካንተ ጎመን ሌላ የት ይሄዳሉ?» ብላ መልስ ሳትጠብቅ የመጀመሪያውን አጣና መነቅነቅ ያዘች። ሦስት አጣና ወጣ። ቱቦው በክፍተቱ አልፎ ግቢዋ ሲገባ ልብስ የተሰጣበትን ገመድ ለጥቂት ሳተው፤ ስለዚህ ሕግ ወጣ። እኔ ከመሳቤ በፊት «ኤዶ፣ መጣሁ!» እላለሁ፤ እሷ ፍየሎቿንና ልብሷን ሰብስባ «ሶ ጂድ!» ትለኛለች፣ ሳቢው ማለቷ ነው።

እሁድ ጠዋት አባቴ ልኩን በጠመኔ አስምሮ እንደ ዳኛ ቁጢጥ አለ። ኤዶ ሳህራም አግዛታለች እንዳትባል ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች፤ ትከሻዋ ግን አብሮኝ ይስብ ነበር። ብረት ሲለቁት ትንሽ ይመለሳልና ከምልክቱ አሳልፌ ሳብኩ፤ ከኛ ግቢ ተነሥቼ፣ በሦስቱ አጣና ቦታ አልፌ፣ የሷን መሬት ረግጬ፣ ዞሬ ተመለስኩ። ስለቀው ጥምዙ በጠመኔው መስመር ላይ ቁጭ አለ። አባቴ በእጁ አገላብጦ አየውና ሁለተኛውን ብረት አቀበለኝ።

ከስምንቱ አራቱን ሠራሁ። አራተኛውን በጥጋብ ገልብጬ አስነክሼው ሁለቱም ጫፍ ወደ ውስጥ መጠቅለል ሲገባው አንዱ ወደ ውጭ ዞረ። አባቴ ሊያቃናው ሲል ኤዶ ሳህራ ነጠቀችው፤ «ሰባቱ እርስ በርስ ይተያዩ፣ ይሄኛው በር በሩን ይይልኝ» ብላ።

ሦስቱ አጣናዎች አልተመለሱም። በዚያ ክፍተት ወተት መጣ፣ ዳቦ ሄደ፤ ፍየሎቹም እንደተባለው ጎመናችንን ጨረሱ። ኤዶ ሳህራ ቤት በር እንዳለው እስክረሳ ድረስ በዚያ ተመላለስኩ።

በ2010 መንግሥት በተለወጠበት ዓመት አባቴ ማጠፊያውን ፈትቶ ጫነና ወደ አገሩ ተመለስን። ዛሬ ሁለቱም ደብረ ብርሃን አሉ፤ ሁለቱም ዝገዋል፤ አባቴ ይህን ሲያነብ ይስቃል። እኔ በሥራ ወደ ጅጅጋ ከተመለስኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ወደዚያ ሠፈር ግን እግሬን አላነሣሁም ነበር። ያ ሽታ ጎትቶ ወሰደኝ።

የቤታችን አዲሶቹ ባለቤቶች ደግ ናቸው፤ ጓሮውን እንዳይ ፈቀዱልኝ። ምሰሶው ከሥሩ ተቆርጧል፣ ያጠጣሁት ሲሚንቶ ግን አለ። በአጣናው ፈንታ ከቁመቴ የሚበልጥ የብሎኬት ግንብ ቆሟል። ሲሚንቶው ላይ ቆሜ በእርምጃ ለካሁ፤ ያ ቱቦ ዛሬ ቢገኝ ሩብ ዙር ሄዶ ግንቡ ላይ ይቆማል።

ወጣሁና በመንገድ ዞርኩ። ሦስት አጣና የነበረው መንገድ አሁን ሁለት ማዕዘን ዞሮ አንድ ሱቅ አልፎ ነው። በመስኮቱ ላይ ያ እምቢተኛ ጥምዝ አሁንም በር በሩን ያያል። አንኳኳሁ። ከፈተችልኝ፤ ሸብታለች፣ አጥራለች፤ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ፣ እጇንም ወደ ወገቧ ሰደደች።

«አንቺ ሮማን» አለችኝ፣ «ከመቼ ወዲህ ነው በበር የምትመጪው?»