የቀብር ጨዋታ

ሮቤ ከተማ ለመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት ስሠለጥን፣ አንዲት አሠልጣኛችን ልጅ የከበደውን ነገር በጨዋታው ያወጣዋልና አትከልክሉት ይሉን ነበር። ያኔ ለፈተና ብዬ ሸመደድኩት። ትርጉሙ የገባኝ ሲናና ወረዳ ውስጥ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ከተመደብኩ በኋላ ነው።

በብርዱ ወራት ክፍሉ ውስጥ ሳል ገባ። ከልጆቹ አንዷ፣ ዘወትር ቀሚሴን ይዛ የምትከተለኝ ትንሽ ልጅ፣ አንድ ጠዋት ትንፋሽ አጥሯት መጣች። እናቷን አስጠራሁ። ባሏ ለከብት ንግድ ጊኒር ሄዶ ስለነበር ሆስፒታል ብቻዋን መሄድ ፈራች። አብሬያት ሄድኩ። ጎባ ሆስፒታል ስንደርስ ሳንባ ምች ነው፣ በጣም ጠንቶባታል አሉን። በማግስቱ ልጅቷ አረፈች።

ርዕሰ መምህሩ ለልጆቹ ዘመድ ጋ ሄዳለች በያቸው አለኝ። ነገር ግን ሬሳዋ በደጃቸው ሲያልፍ አይተዋል። ሲጠይቁኝ ሞታለች አልኳቸው።

«ነገስ ትመጣለች?» አለችኝ አጠገቧ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ።

«ነገም አትመጣም።»

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በእረፍት ሰዓት አዲስ ጨዋታ መጣ። የጨርቅ አሻንጉሊታችንን በነጭ ጨርቅ ይጠቀልሏታል፤ ወንዶቹ በጣውላ ተሸክመው «ላ ኢላሃ ኢለላህ» እያሉ ግቢውን ይዞሩና ከአጥሩ ሥር ይቀብሯታል። ማታ አውጥቼ አጥባታለሁ፤ ጠዋት እንደገና ይቀብሯታል። አንድ አባት ሟርት ነው ብለው ተቆጡ። ርዕሰ መምህሩም አስቁሚያቸው አለኝ። አላስቆምኩም፤ ግን ማየቱን አልቻልኩትም፣ ፊቴን አዞር ነበር።

አንድ ቀን በጨዋታው መሐል የልጅቷ እናት በበሩ ገባች። ክፍል ውስጥ የቀረውን የልጇን ሹራብ ልትወስድ ነው የመጣችው። ልጆቹን ላስቆም ስሮጥ ክንዴን ያዘችኝ። አሻንጉሊቷን ጉድጓድ ውስጥ እስኪያስገቡ ቆማ አየች። ከዚያ አጠገባቸው ተንበረከከች።

«እንዲህ አይደለም» አለቻቸው በኦሮምኛ፣ ቀስ ብላ። «ፊቷን ወደ ቂብላ አዙሩት።»

ልጆቹ ቂብላ፣ የመስገጃው አቅጣጫ፣ በየት በኩል እንደሆነ አላወቁም። ራሷ በእጇ አስተካክላ አዞረቻት። አፈሩን ሲመልሱ አብራቸው መለሰች፤ እጇን አራገፈች፤ ሹራቡን ተቀብላኝ ሄደች። እስከ በሩ ሸኘኋት።

ልጆቹ ጨዋታውን ለተወሰነ ጊዜ ቀጠሉት፤ መቼ እንደተዉት እንኳ ልብ አላልኩም። በዓመቱ ለምዝገባ በየቤቱ ስዞር የልጅቷ እናት ደጅም ደረስኩ። ታናሹ ልጇ ለትምህርት ደርሷል፤ ከኋላዋ ቆሞ ያየኛል። እንድትልከው ጠየቅኳት።

«ትንሽ ይደግ» አለችኝ።

ቁመቱ ከክፍሌ ልጆች አያንስም ነበር። አልገፋኋትም። ወደሚቀጥለው ቤት ሄድኩ።