ጽጌረዳው ላይ የተጫነ መስታወት

ያ መስታወት ዛሬም ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ልጆቼ "እናታችን መቆጣት አታውቅም" እያሉ ለጎረቤት ያወራሉ። እውነታቸውን ነው፣ አላውቅም ነበር። ያን ሰሞን ተማርሁት።

አንደኛዋ ልጄ ደባርቅ ከመኪናው መንገድ ገባ ብሎ ቤት አላት። ከግቢዋ አንዲቱን ክፍል ለአንዲት ወጣት አስተማሪ አከራይታ ነበር። ልጅቱ ከወሎ ተመድባ የመጣች፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ብርዱ የሚያንዘፈዝፋት ናት። እኔ ደግሞ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ዳባት አንድ ልጅ፣ ደባርቅ አንድ ልጅ፣ ዛሪማ አንድ ልጅ አለኝ፤ ሦስቱም ዘንድ ጥቂት ጥቂት ሰንብቼ ጓዜን አንጠልጥዬ እነሣለሁ። የደባርቁን ግቢ ጽጌረዳና ሱፍ አበባ የተከልሁት እኔ ነኝ። ውርጩ እንዳያቃጥለው ማታ ማታ ጆንያ እያለበስሁ ነው ያሳደግሁት።

ልጅቱ የምትሥለው እነዚያን አበቦች ነበር። ቅዳሜና እሑድ በርጩማዋን ግቢው መሀል አውጥታ፣ እንጨት ላይ የወጠረችውን አቡጀዲ ጉልበቷ ላይ ታስደግፋለች። በብሩሽ ትጀምርና ወዲያው ብሩሹን ትታ ትንሽ ቢላዋ ታነሣለች። ቀለሙን እንደ ቅቤ ቆርሳ ትለጥፈዋለች፤ በላዩ ሌላ፣ በዚያም ላይ ሌላ። የጽጌረዳዋ ቅጠል ከጨርቁ ተነሥቶ ይወጣል፣ ፀሐይ በጎን ሲመታው ጥላ ይጥላል። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ተጠግቼ አሸተትሁት።

"ልጄ፣ ይኸ ነገር ተልባ ተልባ አለኝ?"

"አዎ እማማ፣ ቀለሙ የሚለወሰው በተልባ ዘይት ነው።"

"እንዲህ ወፍሮ መቼ ሊደርቅ ነው?"

"ላዩ ቶሎ ይደርቃል። ውስጡ ግን ወራት ይፈልጋል።"

ይኸ ነገር ለእኔ አዲስ አልነበረም። ዕድሜዬን የሰው ግድግዳ ስመርግ ነው የኖርሁት። ጭቃውን ከገለባ ጋር ረግጦ ማቡካት፣ ሲቦካ መጠበቅ፣ መጀመሪያውን መለጠፍ፣ እስኪጠነክር ታግሶ ደግሞ ሁለተኛውን። ላዩ ነጥቶ ደረቅ ሲመስል ገና ነው፤ ውስጡ እርጥብ ነው። የቸኮለ ሰው ዕቃ አስጠግቶበት ስንት ግድግዳ ሲፈርስ አይቻለሁ። ስለዚህ የልጅቱ ሥራ ገባኝ። ሌላው ሰው ግን ይሥቅባት ነበር። ከትምህርት ቤት አብረዋት የሚመጡት መምህራን፣ የተማሩት፣ ሥዕሏ ፊት ቆመው ይቀልዳሉ።

"ይኸ አበባ ነው ወይስ የወደቀ ኬክ?"

"ኧረ ምርጊት ነው! በምርጊትስ እማማ ሳይሻሉ አይቀሩም።"

እሷ ፈገግ ብላ ታልፋለች። እኔ ግን ውስጤ ያርራል። ምርጊት ምን ነውር አለበት? ያ ሁሉ አስተማሪ ተኝቶ የሚያድረው በማን እጅ የተመረገ ቤት ውስጥ ነው?

በዚያ ዘመን ወደ ተራራው የሚወጣ እንግዳ በዝቶ፣ ደባርቅ ላይ ሆቴል በሆቴል ላይ ይሠራ ነበር። ከባለሆቴሎቹ አንዱ ለሌላ ጉዳይ ልጄን ሊያናግር መጥቶ፣ ግድግዳ ጥግ የቆሙትን ሥዕሎች አየ። ሁለት ጽጌረዳና አንድ ሱፍ አበባ ናቸው። ወደዳቸው፤ ይኸን አልክድበትም።

"ሦስቱን አውሽኝ" አላት አስተማሪዋን። "የሆቴሌ ምረቃ ዕለት ሳሎኑ ላይ እሰቅላቸዋለሁ። አገር ምድሩ ያይልሻል።"

ልጅቱ እንደዚያ ስትደሰት አይቻት አላውቅም። ሥዕሏ ሰው ፊት ሲሰቀል ለመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ያን ቀን በእያንዳንዱ ሥዕል ጥግ ላይ ስሟን በቀይ ጻፈች። ለእናቷም ደብዳቤ ላከች።

በሳምንቱ ባለሆቴሉ እንጨት ሠሪ ይዞ መጣ። መስኮትም፣ ሣጥንም፣ የፎቶ ፍሬምም የሚሠራ ሰው ነው። መለኪያውን ዘርግቶ "መስታወቱ ስንት በስንት ይሁን?" ሲል ልጅቱ ደነገጠች።

"መስታወት አይደረግበትም" አለች። "ቀለሙ ወጣ ያለ ነው፣ ይጫነዋል። ደግሞም አልደረቀም።"

"አቧራውስ?" አለ ባለሆቴሉ። "የሊማሊሞ መኪና ሁሉ በደጄ ነው የሚያልፍ። ዝንቡስ? የሰርግ ፎቶ እንኳ መስታወት አለው! ራቁቱን ልስቀለው?"

እኔ ተነሥቼ ከሱፍ አበባው ጠርዝ፣ ሰው ከማያየው በኩል፣ በጥፍሬ ነካ አደረግሁት። ጥፍሬ ገባ።

"ይኸው እርጥብ ነው" አልሁ። "ብትጫነው ይደፈጠጣል።"

እንጨት ሠሪው ሣቀ። "እማማ፣ ግድግዳ መሰለዎት እንዴ? ሥዕል እኮ ነው!"

"እማማ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሠዓሊ የሆኑት?" አለና ባለሆቴሉም ተከተለው። የባሰው ልጅቱን ያናገረበት መንገድ ነበር። "አንቺ ልጅ ነሽ፣ ለእኔ ተይው" አላት። ሥዕሉ የማን ሆነና ነው ለእሱ የምትተወው? አንድ ጊዜ ለምና፣ ሁለት ጊዜ ለምና፣ በመጨረሻ "እሺ፣ ያለ መስታወት" አሰኘችው። በአፉ እሺ አለ።

በማግሥቱ የዛሪማዋ ልጄ ወልዳ ስለነበር አራስ ልጠይቅ በአውቶቡስ ቁልቁል ወረድሁ። በዚህ ራሴን እወቅሳለሁ። ሰውየው እሺ ሲል ዐይኑ ሰዓቱ ላይ እንደነበር አይቻለሁና።

የተመለስሁት በምረቃው ቀን ነው። ከአውቶቡስ ስወርድ የሆቴሉ ሙዚቃ መንገዱን ሞልቶታል። ቤት ስደርስ ልጅቱ በቀን ብርድ ልብስ ተከናንባ ተኝታለች።

"አሞሽ ነው የኔ ልጅ?"

"መስታወት አደረገበት እማማ።"

ነገሩን የነገረችኝ ፊቷን ሳትገልጥ ነው። እሷ ክፍል ውስጥ ስታስተምር ባለሆቴሉ መኪና ልኮ ሥዕሎቹን አስወሰዳቸው። እንጨት ሠሪው መስታወቱን ከላይ፣ ስሱን ጣውላ፣ ኮምፔንሳቶውን፣ ከታች አድርጎ፣ ዙሪያውን በምስማር አጥብቆ መታው። ጽጌረዳዎቹ ተጨፈለቁ። ሄዳ አውርድልኝ ብትለው "ምንም አልሆነ፣ ማን ተጠግቶ ያያል?" አላት። ብታለቅስበት ደግሞ "ጥፋቱ ያንቺ ቀለም ነው፣ ሌላ ሰው እንዲህ አድርጎ ይሥላል?" አለ።

"ስሜ እኮ አለበት" አለችኝ። "ሰው ያንን አይቶ የእሷ ሥራ ነው ይላል።"

ጓዜን እዚያው ጥዬ ወጣሁ። አቧራዬን እንኳ አላራገፍሁም። ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል፤ ባለሥልጣኑ፣ ነጋዴው፣ እነዚያ መምህራንም አሉ። ቀና ብዬ አየሁ። የጽጌረዳዋ ቀይ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ተንጣሏል፣ በእግር የተረገጠ ቲማቲም ይመስላል። አረንጓዴው ከቀዩ ገብቶ፣ ቢጫው ጥግ ድረስ ሾልኮ፣ ስሟ ግን ከታች ደህና ይነበባል። ከመምህራኑ አንዱ "አላልኋችሁም? ምርጊት!" ሲል ሰማሁት።

ወንበር ሳብሁና ወጣሁበት። አንደኛውን ከምስማሩ አወረድሁት።

"እማማ! ምን እየሆኑ ነው?" ባለሆቴሉ እየተሯሯጠ መጣ። "ይወድቃሉ! ሰው እያየን እኮ ነው!"

"ይይ! ሰው እንዲያይ አይደለም እንዴ የሰቀልኸው?" አልሁት። "ባለቤቷ አውርድ አላለችህም?"

"በእንግዳ ፊት አያዋርዱኝ፣ በእመቤታችን!"

"እሷንስ ማን ፊት ነው ያዋረድሃት? ስሟን ከሥር አድርገህ አበላሽተህ ሰቀልህ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብለህ የራስህን ስም ጻፍበትና ልተውልህ!"

ሙዚቃው ቆመ። እኔ ከወንበሩ አልወረድሁም። ሁለተኛውን ስይዝ ከታች እጅ ተቀበለኝ። ልጅቱ ናት። ዐይኗ አብጧል፣ ነጠላዋን ገልብጣ ነው የለበሰችው። ሰውየውን ቀና ብላም አላየችውም። ሦስተኛውን ራሷ አወረደች። "ምርጊት" ያለው መምህር በሩን ያዘልን፤ ምን ብሎ እንደያዘ አላውቅም፣ አላመሰገንሁትም።

ቤት ገብተን ምስማሮቹን በጉጠት ነቀልን። መስታወቱን ስታነሣው አብዛኛው ጽጌረዳ አብሮ ተነሣ። ሱፍ አበባው መሀሉ ብቻ ተርፏል። አቡጀዲው ላይ የቀረውን ቀለም በቢላዋዋ ትፍቅ ጀመር። እኔ ፍሬሙን ያዝሁላት። እጇን ሳታቆም፣

"እማማ፣ ከእንግዲህ ስስ አድርጌ ብሥል ይሻላል? ለመስታወት እንዲመች?" አለችኝ።

ቅድም ሰውየውን ከተቆጣሁት የበለጠ ያን ጊዜ ተቆጣሁ። እሷን አይደለም። እንዲህ ያለ ጥያቄ አፏ ውስጥ ያስገባውን ነው።

"ለሱ መስታወት ብለሽ?" አልኋት። "አበባውን የተከልሁት እኔ ነኝ። ስስ አልነበረም!"

ቀና ብላ አየችኝ። መሣቋ ይሁን ማልቀሷ አልለየኝም። ከቱቦው ቀይ ቀለም ጨምቃ፣ በቢላዋዋ ጫፍ ጉብ አድርጋ አነሣችና ከተፋቀው ቦታ መሀል ለጠፈችው። ወፍራም ነበር። ከመጀመሪያውም ይልቅ ወፍራም።