ጋሽ ኑርሑሴን ያስታረቋቸው ሁለት በዳዮች

ጋሽ ኑርሑሴን ሳይክል ጠጋኝ ናቸው። ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር፣ ከዓባይ ዳር ብዙም ሳይርቅ፣ ከአንድ ዋንዛ ሥር ፓምፓቸውንና የውኃ ሳፋቸውን ይዘው ይውላሉ። እኔ አምባቸው እባላለሁ፤ ከፊት ለፊታቸው ያለው ግቢ ጥበቃ ነኝ። ጽሕፈት የጀመርሁ ካረጀሁ ነው፣ ፊደሌም ጠማማ ነው። እድራችን «ተራ ሰው ለዓለም ሰላም ምን ኃላፊነት አለበት?» በሚል ለሚያወጣው መጽሔት የሚጽፍ ሰው ሲጠይቅ እጄን አላወጣሁም። ሌላም ሰው አላወጣም። ስለ ዓለም የማውቀው የለኝም፤ ጋሽ ኑርሑሴንን ግን አውቃቸዋለሁ ብዬ ይኸው ጻፍሁ። መስመሩ የተዛነፈበት ቦታ ካለ እየሳቅሁ የጻፍሁት ነው።

የተወለዱት ወረታ ነው፤ ቤተሰቡ ጨርቅ ነጋዴ ነው። አባታቸው ሱቅ ጠብቅ ብለው ቢያስቀምጧቸው፣ እሳቸው ደንበኛው የመጣበትን ሳይክል ብሎን በብሎን ሲፈቱ ተገኙ። «ሰውዬው ጨርቅ ሊገዛ መጥቶ በእግሩ ተመለሰ» ይላሉ ራሳቸው። ከዚያ ወዲያ ባሕር ዳር መጡ፣ እትዬ ሐሊማንም አገቡ። እትዬ ሐሊማ «እኔ የተዳርሁት ለሁለት ጎማ ነው» ይላሉ።

የተነፈሰ ጎማ ሲመጣላቸው አይቸኩሉም። የውስጡን ጎማ ሳፋው ውስጥ ይነክሩና ዝም ብለው ያያሉ። አረፋ ቡልቅ ያለበት ላይ ጣታቸውን ያሳርፋሉ። የተጣላ ሰውንም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። አስቀምጠው ያስለፈልፉታል፤ አንዱ ቦታ ላይ ሲደርስ «እህ፣ እዚህ ጋ ነው» ይላሉ።

አጠገባቸው ትንሽ ሬዲዮ አለች። ያ አገር ይኼን አገር ወጋ ስትል ሰምተው ያጠፏታል። አንድ ቀን ደፈር አልሁና «ጋሼ፣ እኛ ይኼን ምን እናደርገዋለን?» አልኋቸው።

«ትልልቆቹ የሚቀመጡበት ጠረጴዛ ድረስ እጃችን አይደርስም፣ አምባቸው» አሉኝ። «ግን እነሱም ከሰማይ አልወረዱም። ከሆነ ሰፈር ነው የወጡ። መታረቅ ሳያዩ ያደጉ እንደሆነ ያ ሰፈር ይጠየቅበታል።»

የእኛ ሰፈር ጦርነት የተነሣው ደግሞ በጉማሬ ነው። እውነቴን ነው።

ግሩም የኮሌጅ ጸሐፊ ነው፣ ምናሴ የፋብሪካ መካኒክ፤ በር ለበር ይኖራሉ። የምናሴ ሚስት ወለተ ጊዮርጊስ፣ የግሩም ልጅ የትንቢት የክርስትና እናት ናት። አንድ ቅዳሜ ግሩም የምናሴን ሳይክል ተውሶ ወደ ዓባይ ዳር ወረደ። ሣሩ ላይ አጋድሞት ሲናፈስ፣ ጉማሬ ከውኃው ወጥቶ ሳይክሉን ረግጦት አለፈ። ግሩም ነፍሱን ይዞ ሮጠ፤ ኋላ ተመልሶ እንደ ቂጣ የተጠፈጠፈውን ሳይክል በብብቱ ይዞ መጣ።

ምናሴ ሰው በተሰበሰበበት አየው፣ አየውና «ጉማሬ? ጉማሬ ሳይክል ምን ያደርግለታል? ወዴት ሊሄድበት ነው?» አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

«ውሸታም ነህ እያልኸኝ ነው?» አለ ግሩም።

«እኔ ምን ቸገረኝ፤ ጉማሬውን ጥራውና ይመስክርልህ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምንት ወር ተኳረፉ። ግሩም ለሳይክሉ ይቅርታ አላለ፣ ምናሴም ለስድቡ። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ድመት እንኳ መሻገር ቀረ።

በዚህ መሐል የትንቢት ሠርግ ደረሰ። ለእሑድ ሲባል ማክሰኞ ዕለት ዓይኗ አብጦ ጋሽ ኑርሑሴን ዘንድ መጣች።

«ጋሼ፣ የክርስትና እናቴ እቤታችን ካልገባች ቬሎ አልለብስም። ለአባዬም ነግሬዋለሁ። ሙሽራው ብቻውን ይዳር።»

«ሂጂ ጥፍርሽን ተቀቢ» አሏት።

በማግሥቱ መጀመሪያ ግሩምን ጠሩት። ስለ ጉማሬው ቁመት፣ ስለ ጥርሱ፣ ስለ ምናሴ ምላስ ሲለፈልፍ ቆየ።

«ይሁን፣ ጉማሬው ረገጠው። ሣሩ ላይ ያጋደመውስ ማን ነው?»

ግሩም ፓምፑን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። «እኔ ነኝ… ይቅርታም አላልሁት።»

«እህ፣ እዚህ ጋ ነው። ነገ በአሥር ሰዓት ድንጋይ ተሸክመህ እዚህ ና። ለማንም እንዳትናገር።»

በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ይመጣል፤ የሚያወርድለትም የተበደለው ሰው ነው። ግሩም ሄደ። ከሰዓት ምናሴ ተጠርቶ መጣ።

«ጉማሬውን ተወውና፣ ወዳጅህን በሰው ፊት መሣቂያ ማድረግህስ?»

ምናሴ ባርኔጣውን አሻሸ። «እሱስ ከብዶኛል ጋሼ።»

«እህ። ነገ በአሥር ሰዓት፣ ድንጋይ ተሸክመህ። ለማንም እንዳትናገር።»

እኔ ሁለቱንም ሰምቻለሁ። በጣቴ ብቆጥር ሁለት ተሸካሚ አለ፣ አውራጅ የለም። ልንገራቸው ብዬ ሁለት ጊዜ ተነሣሁ፣ ሁለት ጊዜ ተቀመጥሁ። ሽማግሌ ማረም ማን አስተምሮኝ?

ሐሙስ በአሥር ሰዓት ግሩም ከላይ፣ ምናሴ ከታች መጡ። ድንጋይ ማጅራት ላይ ሲሆን የሚታየው የራስ ጫማ ብቻ ነው። ከዋንዛው ሥር ሲደርሱ ግንባር ለግንባር ዷ! አሉ።

«ይቅር በለኝ!» አሉ ሁለቱም አንድ ላይ።

«ማነህ አንተ?»

«ምናሴ ነኝ! አንተስ ድንጋዩን ምን ልታደርገው ነው?»

«በድዬህ ነዋ!»

«የበደልሁስ እኔ ነኝ!»

«እኔ ነኝ እያልሁህ! ዛሬም ውሸታም ልትለኝ ነው?»

እትዬ ሐሊማ ሆዳቸውን ይዘው ዛፉን ተደገፉ። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ግሩም ግን ሳቁን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ፤ ድንጋዩን እንደ ተሸከመ ወደ መጣበት ዞረ። ትንቢት ከበራቸው ላይ «አባዬ!» ብላ ጮኸች፤ ያን ጊዜ የሁላችንም ሳቅ ቀጥ አለ።

ጋሽ ኑርሑሴን ብድግ አሉ። «ቁም! ጥፋቱ የእኔ ነው። ለሁለት በዳይ ቀጠሮ ሰጥቶ ተበዳይ የሚረሳ ሽማግሌ ምን ሽማግሌ ነው? ሁለቱንም አምጡ፣ እኔው ልሸከም!» ብለው ቆባቸውን አወለቁና ማጅራታቸውን ሰጡ።

«ኧረ ጋሼ! ኧረ እርስዎ ደግሞ! ምን በወጣዎ!» ሁለቱም ድንጋያቸውን ወርውረው እሳቸውን ሊያቀኑ ተሯሯጡ። የግሩም ድንጋይ ሳፋው ውስጥ ገብቶ ሁሉን አራሰ። የምናሴው የእኔ አውራ ጣት ላይ ዐረፈ። ጮኽሁ፤ ብዙ ሰው ድምፄን የሰማ ያን ቀን ነው። ይገባኛል። አውቆ ዝም ላለ ሰው ትንሽ ድንጋይ አይበዛበትም።

ጋሽ ኑርሑሴን አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ እንደ ደገፏቸው ሁለቱንም እጆች ያዙና አገናኟቸው። «በሉ፣ እጃችሁ ባዶ ሳለ አፉ ተባባሉ።»

«አፉ ብያለሁ፣ ለእግዚአብሔር!»

«እኔም ብያለሁ! ጉማሬውንም ጭምር!»

ተሳሳሙ፤ ያበጠው ግንባራቸው ሲነካካ «ወይ!» እያሉ ደግመው ተሳሳሙ።

ወለተ ጊዮርጊስ ይኼን በአጥሩ ቀዳዳ ታይ ኖሯል። በአንድ እግሯ ጫማ ብቻ፣ ነጠላዋ እየተጎተተ፣ አዲስ የሐበሻ ቀሚስ ታቅፋ እየሮጠች ወጣች።

«ቀለበት ካሰርሽ ጀምሮ አሰፍቼው፣ በየቅዳሜው ከሳጥን እያወጣሁ ሳናፍሰው ነበር» አለቻት ለትንቢት።

«ለእኔ ሠርግ?»

«ታዲያ ለጉማሬው ሠርግ ላሰፋ ኖሯል?»

ትንቢት አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። እንደ ተቃቀፉ ወደ ግሩም ቤት አመሩ። በሩ ጠባብ ነው፤ ጎን ለጎን ሊገቡ ሲሉ ከነቀሚሱ ተቀረቀሩ። አንዷ ለቅቃ ሌላዋ ትቅደም ብንል እንቢ አሉ፤ እየሳቁ፣ እያለቀሱ፣ እየተገፋፉ እንዲያው በጎን በጎናቸው ገቡ።